የእህቴ ግራ ጆሮ

ዓለም ባንክ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ ከሚኒባስ ወርዳችሁ "ቴፕ የሚሠራው ሰውዬ የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ረዳቱም፣ ሊስትሮውም፣ ባለ ሱቁም ጣቱን የሚቀስረው ወደኔ ነው። ቴፕ የሚባል ነገር ከሰው ቤት ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን እኔ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። አሁን የምሠራው ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ማይክራፎን፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ከፍቶ ያበላሸውን ቴሌቪዥን ነው። ማንም አላስተማረኝም። አስተማሪዬ የተበላሸ ሬዲዮ ነው፤ እሱ ደግሞ የቤት ሥራ ይሰጣል እንጂ አያብራራም። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች አቅቷቸው ዕቃ ተሸክመው ሲመጡ፣ ገና ሳልፈታው ጆሮዬን አስጠግቼ "ኮይሉ ተቃጥሏል" እላቸዋለሁ። ይፈቱታል፤ ተቃጥሏል። በዚህ አልኮራም ብል ውሸቴን ነው።

እንግዲህ ይሄ በጆሮው የሚመካ ሰውዬ ነው ሱቁ ውስጥ አንድ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ፈልጎ ያጣው። እምምም የሚል ድምፅ ነው፤ ኧርዙ፣ ማለት የመሬት ሽቦው፣ የላላ አምፕሊፋየር የሚያወጣው ዓይነት። ጠዋት ሱቅ ስከፍት አለ፣ ስዘጋ አለ። ሦስት አምፕሊፋየር በትኜ ገጠምኩ። የግድግዳውን ሶኬት ቀየርኩ። ጎረቤቴን ባለ ሱቁን "ፍሪጅህ እየጮኸ ሥራ አላሠራኝም፣ ንቀለው" ብዬ ተጣላሁት። ሰውዬው ለኔ ብሎ ነቀለው፤ ድምፁ አልቆመም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ፣ ብየዳ ቤቱ ቆመ፣ የባለ ሲዲው ዘፈን ተቆረጠ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጭጭ አለ። እምምም። እጄን በግራ ጆሮዬ ላይ ስከድን ድምፁ ባሰበት። ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት ጤነኛ ዕቃ የበተንኩት ለራሴ ጭንቅላት ነው።

እኔ መቼም ነገር አይከብደኝም፤ ቀልድ አደረኩት። ለደንበኛ ሁሉ "እኔ ጋ መብራት አይጠፋም፣ ጆሮዬ ውስጥ ጄኔሬተር አለ" እያልኩ አስቃለሁ። ትራሴ ላይ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነገር መታየት ሲጀምር ደግሞ ለሚስቴ "ላብ ነው" አልኳት።

"አንድ ጎንህ ብቻ ነው የሚያልበው?" አለችኝ።

"ሌላኛው ጎኔ አይሠራማ።"

ሳቀች፣ አለፈ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ መወተፍ ጀመርኩ። እንግዲህ በኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ፤ የተቃጠለ ዕቃ በዓይን ሳይሆን በአፍንጫ ነው የሚገኘው። ሰርኪቱን አንስተህ ታሸተዋለህ፣ የሞተው የቱ እንደሆነ ይነግርሃል። ሠላሳ ዓመት ያሸተተ ሰው እጁ ላይ የገባውን ሁሉ ወደ አፍንጫው መውሰዱን አይተውም። አንድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ጥጡን ከጆሮዬ አወጣሁትና፣ ሳላስበው፣ አሸተትኩት።

እህቴ ሸተተችኝ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ሽታ ከልጅነቴ በኋላ የትም አላገኘሁትም ነበር። የበሰበሰ ነገር ሽታ አለው፣ ግን ሌላም አለው፤ የደረቀ አይብ፣ የረጠበ አፈር... ሌላ ሰው ቢያሸተው ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን ያ ሽታ የተኛሁበት፣ የተጫወትኩበት፣ አብሬው ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር ያደግኩበት ሽታ ነው። ቀና ስል በሩ ላይ የምትቆም መሰለኝ። ደንበኛ መጣ፤ "ዛሬ ዝግ ነው" አልኩት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ።

እህቴ ከሞተች ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆናት። ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ ሁለት። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ኮልፌ ባለችው አንድ ክፍል ቤት እናታችን፣ እሷና እኔ ነበርን። ግራ ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይመግል ነበር። ያን ጊዜ ይሄ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ ንፍጥ እንደሚወጣው ልጅ ዓይነት ነው የሚታየው። እማዬ ዘይት በነጭ ሽንኩርት አሙቃ ትጨምርላታለች፣ ጠበል ትወስዳታለች፣ ጤና ጣቢያ ጠብታ ሲሰጧት አንድ ወር ይደርቅና ደግሞ ይመጣል። እሷን የሚያሳስባት መግሉ አልነበረም። ሽታው ነበር። ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ግራዋን ከግድግዳው አስጠግታ ነው የምትቀመጠው። መንገድ ስንሄድ እኔን በግራዋ ታደርገኛለች፤ "አንተ ለምደኸኛል" ትለኛለች። ደግሞ ተጫዋች ነበረች። አሁን ሱቄ መጥቶ የሚስቅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በሷ ቀልድ ነው የሚስቀው፤ እኔ የቀዳሁት ከሷ ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬም እሷ ናት። የጎረቤት ሬዲዮ በቢላ ጫፍና በሲጋራ ወረቀት አስነስቼ ሰፈሩ ጉድ ሲል "ኢንጂነር" ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ነች። ታላቅ እህት ታናሿን ስታሞግስ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፣ እኔን ግን አሳበደኝ። የማልጠግነው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ እህቴን ሚዜ አድርጋ መረጠቻት። ቀሚስ ተሰፋላት፣ ሮዝ። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከቤታችን ጀርባ ቆርቆሮው ሥር ሬዲዮ ፈትቼ በተቀመጥኩበት መጣችና ቁጢጥ አለች።

"ኢንጂነር፣ ሥራ አለኝ።"

"ምን ተበላሸብሽ?"

"እኔ ራሴ ነኛ።" ጆሮዋን ነካ አደረገች። "አራት ሚዜ አንድ መኪና ውስጥ ነው የምንታፈገው። መስኮቱ ይዘጋል፣ ፀጉራችን እንዳይበላሽ። ሽታውን ዝጋልኝ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኢንጂነሩ አንተ ነህ።"

አሰብኩበት። ጥጥ ብቻውን ይረጥባል፣ ያሳልፋል። ውሃ የማያስገባ ነገር ያስፈልጋል። እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ካስቀመጠችው ጧፍ አንድ ጣት የሚያህል ቆረጥኩ። ሰሙን በመዳፌ እያሸሁ አለሰለስኩት፣ መሐሉ ላይ ጥጥ አደረኩበት፣ የጠርሙስ ቡሽ አስመሰልኩት። ቀዳዳውን በትንሿ ጣቴ ለክቼ፣ ቀንሼ፣ እንደገና ለክቼ ነው የሠራሁት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አጋደመችልኝ። ስከተው ሳቀች፤ "ይኮረኩራል፣ ቀስ በል" እያለች እግሯን መሬት ላይ ትመታለች። ዙሪያውን በጥፍሬ ደፈንኩት። ከዚያ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም። የሳሙና ሽታ ብቻ።

እስከዛሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ንጹህ አድርጌ የሠራሁት የለም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም።

ሰርጉ ላይ ጨፈረች፣ መኪናው ውስጥ መሐል ተቀመጠች። በማግስቱ ላወጣላት ስሄድ "ተወው እስቲ፣ ሳምንት ይቆይ" አለችኝ። ትምህርት ቤት ከልጆቹ መሐል ተቀምጣ መጥታለች። እኔም ሥራዬ ስለተወደደልኝ ደስ አለኝ፤ ተውኩት። ሳምንቱ ሳያልፍ ራሷን ያማት ጀመር፤ ለኔም ለማንም አልተናገረችም፣ በኋላ ነው የገባኝ። ቅዳሜ እማዬ ልብስ ሰብስባ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ወንዝ ላከቻት። እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል። ስትመለስ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ነው የገባችው። በማግስቱ ፊቷ በግራ በኩል ወረደ፣ ዓይኗ አልከደን አለ።

"ምች ነው" አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ። ሳሙና በእጇ ይዛ ፀሐይ መታት፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል። እማዬ ዳማከሴ ልትለቅም ወጣች። እኔ ከእህቴ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በሬዲዮ መፍቻዬ፣ በትንሿ ጠፍጣፋ መፍቻ፣ ሰሙን ዙሪያውን ፈልቅቄ አወጣሁት። ከኋላው ተከትሎ የመጣውን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ እዚህም አልጽፈውም። ትኩሳቷ ጣቴን አቃጠለኝ። ዓይኗን ሳትገልጥ "ሽታው ይወጣል፣ ክደነው" አለችኝ። እኔን ያናገረችኝ የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። ጆሮዋን በነጠላዋ ጠርጌ፣ ሰሙን ሽንት ቤት ከተትኩት። እማዬ ስትመለስ ሬዲዮዬ አጠገብ ተቀምጬ አገኘችኝ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ወሰዷት፤ በማግስቱ ሞተች።

ሰፈሩ ምች ገደላት ብሎ ዘጋው። እማዬ ግን አልዘጋችውም። "ልብሱ ነገም ይታጠብ ነበር" አለች፣ ቀብሩ ቀን። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ትለዋለች። ሰው እያናገረች መሐል ላይ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ከቅዳሴ ስትመለስ፤ "ልብሱ ነገም ይታጠብ ነበር።" ስልክ ከያዘች ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። "ጥላ ውስጥ ነህ?" ትለኛለች። "ጥላ ውስጥ ነኝ እማዬ" እላታለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ፊት ስትደውል እንደ ቀልድ አድርጌ አስቃለሁ። እውነቱን ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ፈራሁ፤ ከዚያ ሃያ ሆኜ ፈራሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የዘገየ ነገር ስለሆነ አሳፈረኝ።

እንግዲህ ያንን ጥጥ ካሸተትኩ በኋላ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ብልህ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ ሽቶ ገዛሁ። ጥጡን በሽቶ ነክሬ እወትፋለሁ፣ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ለሷ የሠራሁትን ለራሴ ሠራሁት። ስድስት ወር እንደዚያ ከረምኩ። ሽቶው ጠዋት ጠዋት ይሸታል፣ ከሰዓት ላይ ግን እሷ ከሥሩ ትመጣለች፤ ሱቁ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ይመስለኛል። አንዳንዴ ጀርባዬን ሳላዞር "እሺ፣ ምን ልሥራልሽ?" እላለሁ። ሰው ሰምቶኝ ከሆነ ከዕቃው ጋር የማወራ መስሎት ነው።

አንድ ሰኞ ሰርኪት ላይ ያለ አቧራ እፍ ስል ትንፋሼ በግራ ከንፈሬ በኩል አመለጠ። ደግሜ እፍ አልኩ፣ አቧራው አልተነሳም። ከግድግዳው መስታወት ፊት ቆምኩና ፈገግ አልኩ። ግማሹ ፊቴ ሳቀ፣ ግማሹ ቀልዱ አልገባውም።

ሚስቴ ስታየኝ ሻይዋን አስቀመጠች። "ምች ነው" አለች።

"አይደለም።"

"አንተ ደግሞ ሐኪምም ሆንክ?"

ጎረቤቶች ዳማከሴ ይዘው መጡ፤ አስሸተቱኝ፣ ቀቡኝ፣ አጠጡኝ። ያ ቅጠል ሲታሽ ሳሸተው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ፣ ሚስቴ ደውላላት፣ ምርኩዟን ይዛ በሚኒባስ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና የወረደውን ጉንጬን በመዳፏ ደገፈችው።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ፀሐይ ላይ የወጣኸው?"

"ሱቅ ውስጥ ነበርኩ እማዬ።"

"አትዋሸኝ። የሷም በዚህ በኩል ነበር።" ጉንጬን ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። "እኔን ነው የሚከተለኝ። ልብሱ ነገም ይታጠብ ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ልነግራት ነበር፣ በእውነት። የወጣው ግን "እማዬ፣ የሄደው ግማሹ ነው፣ ግማሹ አለልሽ" የሚል ቀልድ ነው። አልሳቀችም። እሷን ወደ ቤቷ ከሸኘን በኋላ ለሚስቴ "ነገ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ" አልኳት። ፊቴን ለማዳን መስሏት ደስ አላት። እኔ የፈለግኩት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሆስፒታል ላከን፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ላከን። ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ፊቷ ላይ ቀልድ የሌለባት።

"ፊትዎ መቼ ጀመረዎት?"

"አራት ቀኑ።"

"ጆሮዎትስ ይመግላል?"

"ምን ይመግላል፣ ንጹህ ነው።"

"ዶክተር፣ ሽቶ ነው የሚከትበት" አለች ሚስቴ። ለካ ታውቅ ኖሯል።

ሐኪሟ ሹካ የመሰለ ብረት አወጣችና ክርኗ ላይ መትታ፣ እየነዘረ ግንባሬ መሐል ላይ አቆመችው። "ድምፁ በየት በኩል ይሰማዎታል?"

ይሄማ የኔ ሙያ ነው። ሰውነቴን አስተካክዬ "በግራ፣ ጥርት ብሎ" አልኳት። "ጆሮዎቼ አይዋሹኝም ዶክተር፣ ደህናው ግራው ነው።"

"ደህናው ቀኙ ነው" አለች ሳትቸኩል። "ግራው የውጭ ድምፅ ስለማይገባበት ነው በአጥንት የሚመጣውን አጉልቶ የሚያሰማዎት።"

ምን ልበላችሁ፣ ደነገጥኩም፣ ቀናሁም። ሳትከፍተው አወቀችው።

ከዚያ አጋደመችኝና በማጉያ እያየች በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ጀመረች። ጣሪያው ዞረ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ፤ ውስጡ ነጭ ነገር አለ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ። "ቆዳ ነው" አለችኝ። "ቦታው ባልሆነ ቦታ የበቀለ ቆዳ። መውጫ ስለሌለው እየተከማቸ አጥንቱን ይበላል። የፊትዎ ነርቭ በዚያ አጥንት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ለዚያ ነው ፊትዎ የወረደው።" ምች የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሲቲ ስካን ተነስቼ ስመለስ ደግሞ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር አሳየችኝ። "ይሄ እንደ ክዳን ነው፣ ከላዩ ያለው አንጎል ነው። እዚህ ጋ ክዳኑ አልቋል። ቶሎ ቀዶ ጥገና እናደርግልዎታለን። መስማትዎን ላላተርፈው እችላለሁ።"

"ግድ የለም፣ እስካሁን ስቴሪዮ ነበርኩ፣ ከእንግዲህ ሞኖ እሆናለሁ።"

ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ወንበሬን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋሁ።

"ዶክተር፣ አንድ ዘመዴ ነበረች። እንደዚሁ ጆሮዋ ይመግል ነበር። ፊቷ ወረደ፣ በአራተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ በፊት ግን ጆሮዋን በሰም ዘግተውት ነበር። ይሄ... ይገድላል?"

መጻፏን አቆመች። "ማን ነው የዘጋባት?"

ቀልድ ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝም።

"እኔ" አልኩ። "እህቴ ናት። ልጅ ነበርኩ።"

ሚስቴ ወደኔ ዞረች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፣ አልነገርኳትም ነበር። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ስንት ቀን ቆየ ሰሙ?"

"አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን።"

"አጥንት በአሥር ቀን አይበላም። ዓመታት ይፈጅበታል። እህትዎ ሲታመሙ የኖሩት ከዚያ በፊት ነው፣ መጨረሻውም ያለ ሰሙ እዚያው ሊሆን ይችል ነበር።" ወንበሯን ወደኔ አዞረች። "ግን መግል መውጫ ሲያጣ ጥሩ አይደለም። አፋጥኖት ይሆን ካሉኝ፣ አላውቅም። ማንም ሊያውቅ አይችልም። አላደረገውም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።"

"እሺ። ፀሐይስ?"

"የቱ ፀሐይ?"

"ፀሐይ ላይ ልብስ ማጠብ። እሱ ሊያመጣው ይችላል?"

"አይችልም" አለች። "ፀሐይዋ እዚህ ውስጥ ምንም የለችበትም።"

ለኔ "አላውቅም"፣ ለእማዬ ግን "ምንም የለችበትም"። ሠላሳ ሰባት ዓመት ነፃ ልውጣበት ብዬ የጓጓሁለት መልስ እማዬን ብቻ ነፃ አውጥቶ እኔን ትቶኝ ሄደ። እሱንም ቢሆን እማዬ የምታገኘው እኔ ከነገርኳት ነው። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሳትቀደድ በፊት ንገራት።"

"ተቀድጄ ልምጣ።"

"ካልመጣህስ? አንተንም ፀሐይ ገደለው ብላ ልትኖር ነው?"

አልነገርኳትም። ጉራዬን የምታውቁ ድፍረቴንም እዚህ ላይ እወቁት። ሳልነግራት አልጋው ላይ ወጣሁ፣ ማደንዘዣው ክንዴ ላይ ቀዝቅዞ ሲሮጥ እየተሰማኝ "አምላኬ፣ መልሰኝና እነግራታለሁ" ብዬ ተደራደርኩ።

ከጆሮዬ ጀርባ ቀድደው፣ አጥንቱን በድሪል ቆፍረው ያንን ነጭ ነገር ለቅመው አወጡት። እኔ የማውቀው ስነቃ ጭንቅላቴ ሐብሐብ የሚያህል ፋሻ መሆኑን ነው። ነርሷ "ፈገግ ይበሉ" አለችኝ፣ ፊቴን ልታይ። ፈገግ አልኩ። "ሲሻልዎት እናያለን" አለች። ግራው ጆሮዬ ከእንግዲህ እንደማይሰማ ሐኪሟ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ድምፁ ግን፣ እምምሙ፣ እዚያው ነው። ዕቃውን አውጥተውት ጩኸቱ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ብልሽት ገጥሞኝ አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ፋሻው አንሶ፣ ሚስቴ ክንዴን ይዛ ኮልፌ እማዬ ቤት ወሰደችኝ። እሷ በር ላይ ቀረች። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ፋሻውን ዳሰሰችና "ልብሱ..." ብላ ጀመረች።

"እማዬ፣ ፀሐይዋ አይደለችም።"

"ምኑ?"

"የሷ። ሐኪሟን ጠየቅኳት። ፀሐይዋ ምንም አላደረገችም። ወንዝ ባትወርድም ኖሮ ያው ነበር።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገርኳት። ቆርቆሮው ሥር መጥታ ቁጢጥ ማለቷን፣ መኪናውን፣ ጧፉን፣ ሰሙን፣ መፍቻውን። "ሽታው ይወጣል" ያለችውንም ነገርኳት። ሐኪሟ "አላውቅም" ያለችውንም ሳልደብቅ ነገርኳት። እየነገርኳት መሬቱን ነው የማየው። ስጨርስ የምትመታኝ መሰለኝ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምርኩዟ እጇ ላይ ነበር።

ምርኩዟን አልጋው ላይ አጋደመችው።

"ስትከተው አመማት?" አለችኝ።

"አላመማትም። ሳቀች።"

"ሳቀች?"

"ይኮረኩራል አለችኝ። እግሯን መሬት ላይ እየመታች።"

"ጭንቅላቷ የት ነበር?"

"ጭኔ ላይ።"

እማዬ ፊቷ የማላውቀው ፊት ሆነ። እህቴ ከሞተች ጀምሮ እኔ ሰሙን ሳስብ፣ እሷ ልብሱን ስታስብ፣ ልጅቷ በሐሳባችን ውስጥ አዲስ ነገር አድርጋ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ራሷን ይዛ ነው የምትገባው። አሁን ግን ሳቀች።

"ድገመው" አለችኝ። "ከመጀመሪያው።"

ደገምኩት። ሰሙን ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ስለሱ አንድም ቃል አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። አሁን በየእሑዱ እሄዳለሁ፤ ገና ሳልቀመጥ በደህናው ጆሮዬ በኩል ትጠጋኝና "በል ንገረኝ" ትላለች። እኔ መቼም ወሬ አዋቂ ነኝ፣ አሳምሬ ነው የምነግራት። ግን እየቆየች ስትሄድ አንድ ነገር አመጣች። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ክንዴን ትይዘኛለች።

"ኢንጂነሩ አንተ ነህ አለችኝ" እላለሁ። "ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አጋደመች። ሰሙን በመዳፌ አሸሁት፣ ለሰለሰ። ወደ ጆሮዋ ሳስጠጋው ገና ሳልነካት ሳቀች..."

"እዚህ ጋ ይበቃል" ትለኛለች እማዬ፣ ጥብቅ አድርጋ ይዛኝ። "ዛሬ እዚህ ጋ አቁምልኝ።"

አቆማለሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እህቴ ጭኔ ላይ እየሳቀች ናት፣ ሰሙ ጣቶቼ መሐል ገና ትኩስ ነው።